እጅ ሲጠጋ የሚበራው

ቋጣሪ ነኝ። ቋጣሪ ብቻ ብሆን ደግ ነበር፤ ጉረኛም ነኝ። ለገና ዛፍ የሚሆን ብልጭልጭ መብራት መርካቶ በየደጁ ተንጠልጥሎ እያለ፣ እህቴ ቤት ቡና ላይ «ይሄንንማ እኔው እሠራዋለሁ» ብዬ ያወጅኩት ሁለቱ ጠባዮቼ ተጋግዘው ነው። ለዕቃው ስንት እንዳወጣሁ አትጠይቁኝ። የባትሪው ዋጋ ብቻ ዝግጁውን መብራት ያስገዛ ነበር።

ወረቀት ላይ ነገሩ ቀላል ነው። 555 የምትባል ባለ 8 እግር አይሲ ምት ትሰጣለች፤ 4017 የሚባለው ባለ 16 እግር ደግሞ ምቱን እየቆጠረ 10 ኤልኢዲዎችን በየተራ ያበራል። ብርሃኑ ከዳር ዳር የሚሮጥ ይመስላል። ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ሬዚስተሮችና አንድ ካፓሲተር ናቸው። አንድ ማይክሮፋራድ መሰካት ሲገባኝ 103 የተጻፈባትን ሚጢጢ ሰካሁ። 103 ማለት 10 ላይ ሦስት ዜሮ፣ ማለትም 10,000 ፒኮፋራድ ነው፤ ከሚፈለገው መቶ እጥፍ ያነሰ። እኔ ግን መቶ ምናምን ሲል ጊዜ ትልቅ መስሎኝ ነበር።

ባትሪውን ባገናኝ አሥሩም ባንዴ በሩ። የሚሮጥ ነገር የለም። ቦርዱን ይዤ በቀጥታ መርካቶ፣ የተበላሸ አይሲ ሸጠህልኛል ብዬ ልጁ ላይ ጮህኩበት። እግረ መንገዴንም 555ን ሃንስ ካመንዚንድ የተባለ የስዊዘርላንድ ተወላጅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1971 እንደነደፈው፣ በዓመቱም ለገበያ እንደቀረበ አስረዳሁት፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አይሸወድም ለማለት ያህል። ልጁ አስጨረሰኝ። ከዚያ ቦርዱን ከእጄ ተቀብሎ በአየር ላይ ወዲያና ወዲህ ወዘወዘው። ቀይ ነጠብጣቦች ተራርቀው ተዘረዘሩ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሲበራ፣ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ጋሼ፣ አይሲው ይሠራል። ፈጥኖ ነው፤ ዓይንዎ አልደረሰበትም።»

ለካ እያንዳንዳቸው በሰከንድ ሰባ ጊዜ ያህል ይበሩ ይጠፉ ኖሯል። 105 የተጻፈባትን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሒሳብም አልቀበልም አለ። በጣም አፈርኩ። ግን አልተግደረደርኩም።

የባሰው የመጣው በዋዜማው ነው። ዛፉ ላይ እንዲሰቀል በችኮላ ስበይደው የ4017ን 13ኛ እግር ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ማሰር ረሳሁ። ያ እግር ካልታሰረ በዙሪያው ያለውን የኮረንቲ ንዝረት ሁሉ እየለቀመ ቆጠራውን ያዛባል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ እያየ አንዷ ኤልኢዲ ብቻ በርታ ቀጥ አለች። ልነካካት እጄን ሳስጠጋ ብርሃኑ ሮጠ። እጄን ስመልስ ቆመ።

«አያችሁ? ሴንሰር አለው» አልኩ።

ማሰቢያ ጊዜ እንኳ አልፈለግኩም፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው። ልጆቹ ተሰልፈው እጃቸውን ያወዛውዙ ጀመር። ጎረቤታችን እማማ አማተቡ። እኔም አንድ ሁለቴ «ቀስ፣ ቀስ፣ ስስ ነው» ብዬ ሥነ ሥርዓት አስከበርኩ።

ይሄኔ መብራት ሄደ። የኔዋ በባትሪ ስለሆነች አንዷ ቀይ ጨለማው ውስጥ እንዳለች አለች። ልጆቹ እጃቸውን ቢያስጠጉ፣ ቢያርቁ፣ ወይ ፍንክች! ብርሃኑን ሲያሯሩጠው የነበረው የግድግዳው ሽቦ የሚረጨው፣ በሰውነታችን በኩል የሚያልፈው የ50 ኸርዝ ንዝረት ነበር፤ እሱም ከመብራቱ ጋር አብሮ ሄደ።

«አጎቴ፣ በባትሪ ነው የሚሠራው ብለህ የለ?» አለች የእህቴ ልጅ።

«ጨለማ ሲሆን ያርፋል። ባትሪ እንዳይጨርስ።»

እህቴ ከማድቤት ስትስቅ ተሰማኝ። ጨለማ ሲሆን የሚያርፍ መብራት!

ኮረንቲው ሲመለስ ሴንሰሩም ተመለሰ። እማማ ጠጋ ብለው ሲያዩት ቆዩና «ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ለኔም በሬ ላይ ሥራልኝ፤ ሌባ ሲጠጋ ይሩጥበት» አሉኝ።

እሺ አልኳቸው። ቀብድም ተቀብያለሁ።