ስምንት ቦታ በሦስት ቀን

የረጅም ጉዞ ዕቅድ በሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በብዛት ከሚመረቱት ነገሮች አንዱ ነው። ለማምረት የሚያስፈልጉት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ፣ አሥራ ሁለት ያህል የሥራ ባልደረቦች ወይም የሰፈር ልጆች፣ ተከታታይ ሦስት የዕረፍት ቀናትና «ዘንድሮ እንኳ አንድ ቦታ እንሂድ» የሚል ሰው ናቸው። ጠዋት አንድ የነበረው ቦታ ማታ ስምንት ይሆናል። ምርቱ የሚበረክተው በመስቀል፣ በጥምቀት፣ በፋሲካና በፊቼ ጨምበላላ ሰሞን ነው።

መደበኛው ዕቅድ የሚከተለው መስመር የታወቀ ነው። ከሐዋሳ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በሃላባ ቁሊቶና በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ይገባል፤ ይህ ብቻ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ዶርዜ ወጥቶ ይወርዳል፤ ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ አዞ ያያል፤ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ኮንሶ ይደርሳል፤ ከዚያም ቀጥሎ ጂንካ ይዘልቃል። በሄደበት ወደ ኮንሶ ተመልሶ ወደ ያቤሎ ይታጠፋል፤ ወደ ዔል ሶድ ወርዶ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛውን የጨው ሐይቅ ያያል፤ በመጨረሻም በዲላ በኩል ሐዋሳ ይገባል። የዶርዜና የዔል ሶድ ምልልስ ተቆጥሮ መንገዱ ከ1,100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

የዕቅድ አውጪው ጥበብ እዚህ ላይ ይታያል። 1,100ን ለ80 ያካፍላል፤ 14 ሰዓት አይሞላም። ሦስት ቀን ደግሞ 72 ሰዓት ነው። እንግዲህ 58 ሰዓት ትርፍ ተገኘ ማለት ነው፤ ይህን ያህል ሀብት ሥራ ፈትቶ እንዳይቀር ቦታ ይጨመርበታል። ማካፈሉ ውስጥ የከብት መንጋ፣ ባጃጅ፣ ኬላ፣ የነዳጅ ሰልፍ፣ ጎማ መተንፈስና አንድ ሰው ሆቴል የረሳው የስልክ ቻርጀር አይገቡም። ካልኩሌተር ላይ ፍየል የሚል ቁልፍ የለም።

የአስተዳደር ለውጥም ለዕቅዱ ትልቅ ውለታ ውሏል። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ይህ መስመር በኦሮሚያ ከሚያልፍበት በስተቀር መላው በአንድ ክልል ውስጥ ነበር፤ የክልሉም መቀመጫ ሐዋሳ ራሷ ነበረች። በሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ፤ በነሐሴ 2015 ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። በመሆኑም ያው ሃይሩፍ በዚያው አስፋልት ላይ ሄዶ ሲመለስ፣ አንድ ሜትር ሳይጨምር፣ «አራት ክልል ዞርን» ለማለት በቅቷል። ሳይነዱ የሚገኝ ርቀት ከዚህ በላይ የለም።

ጉዞው ኮሚቴ አለው። ገንዘብ ያዥ፣ የምግብ ኃላፊ፣ የቲሸርትና የባነር ኃላፊ ይመረጣሉ። የባነሩ ጽሑፍ ሁለት ሳምንት ያከራክራል፤ መንገዱ የሚወስደው ጊዜ ግን በአንድ ድምፅ ያልፋል።

የዕቅዱ እምብርት የቆይታ ሰሌዳ ነው። ዶርዜ ላይ ቆጮ በዳጣ ለመብላት 20 ደቂቃ፣ ለአዞ 30 ደቂቃ፣ ለኮንሶ 25 ደቂቃ ይመደባል። የኮንሶው ድልድል በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል፤ የዚህ ሙያ ከፍተኛው ደረጃ ነውና። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ 55 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ 21 ትውልድ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ በእጁ እየካበ የሠራው እርከን ነው። 25 ደቂቃ 1,500 ሰከንድ ይሆናል፤ ለ21 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ትውልድ 71 ሰከንድ ይደርሰዋል። ለጋስ ድልድል ነው። ከዚህ ላይ ግን ከመኪና ለመውረድ 6 ደቂቃ ይቀነሳል፤ ሁልጊዜ ጫማውን ከወንበር ሥር የሚፈልግ አንድ ሰው አለ። ለሽንት ቤት 9 ደቂቃ ይቀነሳል። ባነር ዘርግቶ ፎቶ ለመነሣት ደግሞ 5 ደቂቃ፤ ባነሩ መጀመሪያ ተገልብጦ ስለሚያዝ ነው። የቀረው 300 ሰከንድ ለ21 ሲካፈል ለአንድ ትውልድ 14 ሰከንድ ይተርፈዋል። በ14 ሰከንድ ውስጥ «እንደምን ዋላችሁ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ፣ አዝመራው እንዴት ነው» ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መልሱን መስማት ግን ከሰሌዳው ውጭ ነው። ለዋካዎቹ፣ ማለትም ለታላላቅ ሟቾች መታሰቢያ ለተጠረቡት የእንጨት ሐውልቶች፣ የተመደበ ጊዜ የለም። ሐውልት ናቸውና ይታገሣሉ።

ይህ ሰሌዳ አሁንም መሻሻል ይችላል። የመጀመሪያው መሻሻል አለመውረድ ነው፤ መስኮት ተከፍቶ፣ ስልክ በቀኝ እጅ ወጥቶ፣ 21ዱ ትውልድ በአንድ ቪዲዮ ይጠቃለላሉ። ሁለተኛው መሻሻል መኪናውን አለማቆም ነው። ሦስተኛው ተጓዡን ማስቀረት ነው፤ የሁሉም ፊት የታተመበት ባነር ለአንድ ረዳት ተሰጥቶ ወደ ኮንሶ በሚሄድ አውቶቡስ ይላካል፤ ረዳቱ እርከኑ አጠገብ ዘርግቶ ፎቶ ያነሣዋል፤ ጂንካ ላይ ለሌላ ረዳት ያስረክበዋል፤ ያኛውም ወደ ያቤሎ ያሳልፈዋል። አባላቱ በዚህ ጊዜ እዚያው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ተቀምጠው ዓሣቸውን እየበሉ፣ ከየቦታው የሚደርሳቸውን የራሳቸውን ፎቶ እየተቀባበሉ «አይ ደቡብ! አይ ተፈጥሮ!» ይላሉ። ባነር ሽንት አይመጣውም፤ ጫማው አይጠፋበትም፤ ስምንቱን ቦታ በሁለት ቀን ይጨርሳል። ባነሩ ብቻውን መሄዱን ከለመደ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ላሊበላንና ሐረርን ደርቦ ሊመጣ ይችላል።

ቀልዱ ይቅርና፣ የባነሩ ጉዞ ከሰዎቹ ጉዞ በአንድ ነገር በእርግጥ ይሻላል፤ ሰው አይገድልም። ስምንት ቦታ በሦስት ቀን የሚባለው ዕቅድ የሚሠራው በሹፌሩ እንቅልፍ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተብሎ የተቀጠረው መነሻ ጠዋት 2 ሰዓት ይሆናል፤ የጠፋው ሰዓት የሚካካሰው ግን ከቆይታው ሳይሆን ከሌሊቱ ነው። በብዙ በጀት ውስጥ ለሹፌሩ ጫት የተያዘ ገንዘብ አለ፤ አልጋ ግን አልተያዘለትም። ቀኑን ሙሉ የነዳ ሰው ከያቤሎ ዲላ በጨለማ መንዳት የለበትም። ይህ አስተያየት አይደለም።

የዕቅዱ አርአያ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ፍራንክፈርት ወይም ሚላኖ የሚኖር ዘመድ «ስድስት አገር በሰባት ቀን» ብሎ የላከውን ቪዲዮ አዲስ ከተማ ያላየ የለም። አምስተርዳም ቁርስ፣ ብራስልስ ምሳ፣ ፓሪስ እራት። የሼንገን ስምምነት 29 አገሮችን በአንድ ቪዛ ስለሚያገናኝ በመካከል የሚያስቆም ድንበር እምብዛም የለም። ሆኖም በዚያው አውሮፓ በ1998 ዓ.ም. የወጣ ደንብ አለ። ሹፌሩን ጨምሮ ከዘጠኝ ሰው በላይ የሚይዝ መኪና የሚነዳ ሰው አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ በቀንም በመደበኛው ከ9 ሰዓት በላይ አይነዳም፤ መሪው ላይ የቆየበትን ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያም መኪናው ላይ አለ። አዲስ ከተማ የቀዳው የቦታዎቹን ብዛት ነው፤ 45 ደቂቃዋ በቪዲዮው ላይ አልታየችም።

ቀሪዎቹ ውጤቶች ባጭሩ ይጠቀሳሉ። በጂንካ መንገድ ላይ ያለው የቀይ አፈር ገበያ የሚቆመው ሐሙስ ነው፤ ዕቅዱ ዓርብ ይደርሳል፤ ባዶ ሜዳ ፎቶ ይነሣል። አዞው በቀጠሮው ሰዓት ካልወጣ «ተጭበረበርን» ይባላል። በመስከረም 2016 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ የእንሰት፣ የቡናና የአገር በቀል ዛፎች ጥምር እርሻ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ይታለፋል፤ ሁሉም አፉን ከፍቶ ተኝቷል፤ በሪፖርቱ ላይ ግን «ታይቷል» ተብሎ ምልክት ይደረግበታል።

ሦስት ቀን ያለው ሰው አርባ ምንጭ ሄዶ ይመለስ። አንድ ቀን ይሂድ፣ አንድ ቀን ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይመለስ። ጂንካ ለመድረስ የሚፈልግ ሳምንት ይያዝ። ይህን ለማወቅ ኮሚቴ አያስፈልግም።

ኮሚቴው ግን አለ፤ ከጉዞው በኋላም ይሰበሰባል። ጉዞው እጅግ ስኬታማ እንደነበር፣ ለስኬቱም የቲሸርቱ ቀለም ትልቅ ድርሻ እንደነበረው፣ ድካም የተሰማቸው አባላት የመንፈስ ዝግጅት እንደጎደላቸው ይገመገማል። ዕቅዱም ለሚቀጥለው ዓመት ኮሚቴ ይተላለፋል። ዲመካና ጨንቻ ተጨምረው ቦታው አሥር ሆኗል፤ የሽንት ቤቱ ጊዜ ወደ 7 ደቂቃ ዝቅ ብሏል፤ ቀኑ ሦስት ነው።