ለኢንቨስተር ልጆቻችን

ከቢቸናና ከሞጣ ተነሥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆቻችንን «ገንዘብ አያያዝ አያውቁም» የሚል ሰው ግፍ ይፍራ። በ2016 ማብቂያ ላይ ዶርም ጎራ ያለ እንግዳ ባንክ ቤት የገባ ነበር የሚመስለው። ልጆቹ አልጋቸው ላይ ተጋድመው፣ ቴሌግራም ውስጥ ያለች አንዲት አይጥ መሳይ ፍጡር በአውራ ጣት ይነካሉ፤ በነኩ ቁጥር ኮይን ይዘንባል። ሃምስተር ኮምባት ነው። የዕለቱ ኮምቦ ሲለቀቅ ሌሊትም ቢሆን ቀስቃሽ አያሻቸውም። ጠዋት ሁለት ሰዓት የፋይናንስ ክፍለ ጊዜ ላይ ግን እንቅልፍ ይጥላቸዋል፤ የባለሀብት ነገር፣ ምን ይደረግ።

የቢቸናዋ እናት ኋላ ቀር ናት። ጤፏን በጥር፣ ገበያው ሲጥለቀለቅ፣ አታወጣም፤ ጎተራ ከትታ ዋጋው ወደሚወደድበት ክረምት ታሻግረዋለች። የዘሩንና የቀለቡን ለይታ ታስቀምጣለች። ዕቁብ ትጥላለች፤ ሲደርሳት በግ ገዝታ ለፋሲካ ታደልባለች። ልጇ ደውሎ «ዳይቨርሲፊኬሽን» የሚባል ነገር ያስረዳታል፤ ሀብትን አንድ ቦታ አለማከማቸት ነው ይላታል። «እሺ የኔ ጌታ» ትለውና የኢንተርኔት ጥቅል መግዣ በቴሌብር ትልክለታለች።

የሃምስተሩ ኮይን ገበያ የወጣው መስከረም 16 ቀን 2017፣ የደመራ ዕለት ነበር። ስንት ወር የተለፋበት ኮይን ተመንዝሮ ለብዙው ሰው ከጥቂት ዶላር አላለፈም፤ «አጭበርብረሃል» ተብሎ ባዶ እጁን የቀረም አለ። የዚያን ዓመት ደመራ ወዴት ወደቀ ቢባል፣ ስልኩ ላይ ያፈጠጠው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ወደ ታች።

በጥቅምት ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ ሊሸጥ አቀረበ። አንዱ አክሲዮን 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር። ተማሪ ይህን ከየት ያመጣል? እውነት ነው፣ አያመጣም። ግን ብሩ ቢኖረውስ? መግለጫ ማንበብ አለ፣ ትርፉን ዓመት መጠበቅ አለ፣ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሰው ላስገባ የሚከፈል ኮሚሽን የለም። ሰው የማይገባበት ንግድ ምኑ ንግድ ነው!

ስለዚህ ወደ ኔትወርክ ማርኬቲንግ ዞሯል። ፒራሚድ ያለው ሰው ወዮለት። ጀማሪ መጀመሪያ ዘመድ ያስገባል፤ የኛም ልጅ የሞጣዋን አክስቱን ስልክ ላይ ያዛት። የምትከፍለውን ነገራት፤ በሥሯ ሁለት ሰው፣ በነሱ ሥር አራት ሰው ስታስገባ የሚመጣላትን ዶላር ቆጠረላት።

«የምንሸጠው ምንድን ነው?» አለችው።

«አክስቴ፣ እኛ የምንሸጠው ዕቃ ሳይሆን ራዕይ ነው።»

አክስት ሞጣ ገበያ ቅቤ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ ሳያሸት፣ ሳይቀምስ የገዛ ደንበኛ አይታ አታውቅም። «በል እንግዲህ፣ ስትመጣ ይዘኸው ናና እንቅመሰው» አለችው። አለመማር ክፉ ነው።