ባለ መሪ አደን በመንዝ ጓሳ፦ ንጽጽራዊ ጥናት

ባለ መሪ አደን ማለት አንድ ደንበኛ ከፍሎ፣ አገር የሚያውቅ ሰው እየመራው አውሬው ካለበት ደርሶ፣ መጨረሻ ላይ «ገዳይ!» የሚባልበት የሥራ ክፍፍል ነው። ምሰሶዎቹ አራት ናቸው፦ ሰፊ መሬት፣ መሪ፣ ታዳኝ እና ደንበኛ። ይህ ጥናት አራቱም የተሟሉባቸውን ሦስት ስፍራዎች ያወዳድራል፤ የቴክሳስን የግል እርባታ፣ የባሌንና የአርሲን ደን፣ በሰሜን ሸዋ ደግሞ የመንዙን ጓሳ። ሦስተኛው እስከ ዛሬ በአደን ድርጅቶች መዝገብ አልገባም። ምክንያቱ ደንበኛው ቀይ ቀበሮ መሆኑ ይመስላል።

ከሀብታሙ እንጀምር። በቴክሳስ ከመሬቱ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው የግል ስለሆነ አጋዘን ማደን ያማረው ሰው አስቀድሞ የሚያንኳኳው የባለ መሬቱን በር ነው። ኪንግ ራንች የተባለው እርባታ ብቻውን 825 ሺህ ኤከር፣ ማለትም ከ3,300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል። በብዙ እርባታዎች ሰዓት የተሞላለት ማሽን ጠዋትና ማታ በቆሎ ይበትናል፤ አጋዘኑ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፤ ደንበኛውም ማማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። የመርሐቤቴ ቆላ ገበሬ ይህን ማማ ቢያይ ወዲያው ያውቀዋል፤ እሱም ማሽላው ሲያሸት ማማ ላይ ይወጣል። ልዩነቱ፣ እሱ የሚወጣው አውሬው እህሉን እንዳይበላበት መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ እርባታ አይገኝም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና ደንበኛው የሚሄደው ቁጥጥር ወደሚደረግባቸው የአደን ስፍራዎች ነው። እዚያ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው ደጋ አጋዘን ሲሆን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። እንግሊዛዊው ሜጀር አይቮር ባክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 አንዱን ገደለ፤ ሪቻርድ ላይዴከር የተባለው ሊቅ በ1910 ለእንስሳው ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ በባክስተን ሰየመው። ገዳይ ስሙን ለሟች ማውረሱ ብርቅ ጉዳይ ነው። የአርሲና የባሌ ሰው አጋዘኑን ከዚያ በፊት ዕድሜ ልኩን ሲያየው ስለኖረ እንደ ግኝት አልተቆጠረለትም።

ይኸው እንስሳ በአስር ሳንቲም ላይ ተቀርጿል። እሱን ለመግደል የሚጠየቀው የመንግሥት ክፍያ ደግሞ 15 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ደርሶ ያውቃል፤ የጉዞው፣ የድንኳኑና የቀለቡ ሒሳብ ለብቻው ነው። የሥራ ድርሻውን ስንመረምር ዱካ የሚያነበው የአገሬው ሰው ነው፤ ያረጀውን ወንድ ከጎረምሳው የሚለየው ባለሙያው አዳኝ ነው፤ ሕጉ መከበሩን የሚያየው እስካውቱ ነው፤ ጓዙን የሚሸከመው ፈረሱና በቅሎው ነው፤ ወጡን የሚሠራው ወጥ ቤቱ ነው። ደንበኛው ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ ቀንዱ ጠመዝማዛውን ተከትሎ በሜትር ይለካል፤ ልኬቱ የሚያኮራ ከሆነ ሮውላንድ ዋርድ የተባለው፣ የአውሬ ቆዳ እየሞላ የሚያደርቅ የለንደን ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1892 በጀመረው መዝገብ ይሰፍራል። በመዝገቡ የዱካ አንባቢው ዓምድ የለም።

አሁን ወደ መንዝ። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ የሣር ምድር ነው። በኪንግ ራንች ውስጥ ሠላሳ ጊዜ ይገባል። ጠዋት ውርጩ ሲለቅ ጭላዳ ዝንጀሮው ካደረበት ገደል ይወጣል፤ መንጋው አንዳንዴ በመቶዎች ይቆጠራል። መሬት ላይ ይቀመጥና በሁለት እጁ ሣር እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይቀጥላል። በዚህ መሐል ደንበኛው ይደርሳል። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይሮጥ፣ ሳይደነግጥ በሴቶቹና በግልገሎቹ መካከል ያልፋል። ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ጭላዳ ውሻ ሲያይ ግን እየጮኸ ወደ ገደሉ ይሮጣል።

ቀይ ቀበሮው የመጣው ለአይጥ ነው፤ ቀለቡ ከሞላ ጎደል አይጥ ብቻ ነው። በጓሳ ለዓመታት የተቀመጡት ተመራማሪዎች ቪቬክ ቬንካታራማን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ ይሳካለታል፤ በጭላዳ መንጋ መሐል ሆኖ ሲያድን ግን ከሦስት ሁለቱ። መንጋው ሣር ሲነጭ አይጡን ከጉድጓዱ ያስወጣዋል ወይስ ቀበሮውን ከአይጡ ዓይን ይከልለዋል የሚለው አልተቋጨም። ለዚህ ጥናት ግን በቂ ነው፦ መሪው ጭላዳ ነው፤ በመሪ ሲታደን ውጤቱ ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

ክፍያውስ? በጓሳ ዶላር አይቆጠርም። ደንበኛው የሚከፍለው ግልገል ባለመንካት ነው። ይህ ደግሞ ቀላል ዋጋ አይደለም፤ የጭላዳ ግልገል ከአይጥ ብዙ ሥጋ አለውና። አንድ ጊዜ አንድ ቀበሮ ውሉን አፍርሶ ግልገል ነጠቀ። መንጋው ተነሥቶ ደበደበው፤ ግልገሉን አስጣለው፤ አባረረው፤ ተመልሶ እንዳይገባም ከለከለው። ከቅጣት ሥርዓቱ ፍጥነት አንጻር የአደን ፈቃድ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ሠራተኞቻቸውን ለልምድ ልውውጥ ሊልኩ ይችላሉ።

ስለ ስፍራው አስተዳደርም ጥቂት ማለት ግድ ነው። ጓሳን ያቀኑት አስቦ እና ጌራ የተባሉ አባቶች ናቸው ይባላል። ዘሮቻቸውም በአጽመ ርስት ይዘውት ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። ሣሩ ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር፤ በበጋ ተከፍቶ ለክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ይታጨድና ሐምሌ 5፣ የሐዋርያት ጾም ሲፈታ፣ እንደገና ይዘጋ ነበር። በተከለከለ ጊዜ የገባ ከብት ይታረድ ነበር፤ ያለ ፈቃድ በታጨደ የጓሳ ሣር የተከደነ ቤትም ይቃጠል ነበር። ጥበቃ በተራ ነበር፤ ተራው ደርሶ የቀረም ይቀጣ ነበር። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ነዋሪው ኋላ በኮሚቴ መልሶ አቋቁሞታል።

እዚህ ላይ ጥናቱ የደረሰበት ነገር አለ። አባ ቄራ የሚባለው የሥርዓቱ አለቃና ጭፍሮቹ ይጠብቁ የነበረው ጣሪያቸውን እንጂ ቀበሮን አልነበረም። ሣሩ ስለቆመ አይጡ ተረፈ፤ አይጡ ስለተረፈ ቀበሮው ተረፈ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከእነሱ ጥቂቶቹ ለቤት ክዳን በወጣ ሕግ እዚህ ይኖራሉ።

ማጠቃለያው አጭር ነው። በስኬት መጠን ቴክሳስ ይመራል፤ በቆሎ የሚበትን ማሽን ያለው ወገን መሸነፍ አይችልም። በዋጋ ባሌ ይመራል። በጨዋነት ደግሞ ጓሳ፤ ግዳይ የጣለ ቀይ ቀበሮ አይፎክርም፣ እግሩን ሟች ላይ ጭኖ ፎቶ አይነሣም፣ የአይጡን ጥርስ በሜትር አያስለካም። ጣለ፣ በላ፣ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አለፈ።

ለአንባቢ የሚቀረው ተግባራዊ ማሳሰቢያ ነው። ጓሳን ሊያይ የሚነሣ ሰው የማኅበረሰቡን መሪ ይዞ ይግባ፤ ካሜራም ይፈቀድለታል። ውሻውን ግን ቤቱ ትቶ ይምጣ፤ ጭላዳውን ከማስበርገጉ በላይ በባሌ ቀይ ቀበሮዎቹን በተደጋጋሚ የጨረሰው የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በእሱ ነው።