ለገሃር አልኩ

ጥፋቱ የባጃጁ ልጅ አይደለም። የኔ ነው። የኔም አይደለም፣ የአባቴ ነው።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ሁለት ቀን ሰንብቼ፣ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ልሄድ ትኬቴን ደረት ኪሴ ሸጉጬ «ለገሃር!» አልኩት ልጁን። አባቴ «ባቡር ጣቢያ» ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉትን አገሬው ለገሃር ብሎ አስቀረው፣ እሱም ለኔ አወረሰኝ። ልጁ በመስተዋት አየት አደረገኝና «ለገሃር?» አለ። «አዎ፣ ቶሎ በል!» ቶሎ አለ። ሦስት ደቂቃም አልፈጀ።

መጠርጠር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። እኔ የወረድኩት ግን ቡገንቪላ የወረሰው ግቢ በር ላይ፣ አባቴ ሲተርክልኝ ባደግኩት የድሮው ጣቢያ ቡፌ አጠገብ ነበር። የድሮው ሃዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬዳዋ የገባው በ1895፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ 784 ኪሎ ሜትር። መጀመሪያ ላይ ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድር ነበር። አባቴ የደረሰው ማደሩ ከቀረ በኋላ ነው፤ ለፓስታው ግን ደርሷል። አንድ ሳህን ፓስታ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲወራለት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ፓስታ አዘዝኩ። በልቼ ወጣሁና አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በሃዲዱ መሀል ሣር በቅሏል፤ አንዲት ፍየል ብረቱን ተደግፋ ታመሰኳለች። እኔ ደግሞ «ባቡሩ ሲመጣ ትነሳለች» ብዬ ጋዜጣዬን ዘረጋሁ።

ዘበኛው ሽማግሌ ሦስት ጊዜ አለፉኝ። በአራተኛው ቆሙ።

«ሰው ትጠብቃለህ፣ ልጄ?»

«ባቡር ነው፣ አባባ። ዘገየ መሰለኝ።»

ወደ ፍየሏ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ። «አዎ፣» አሉ፣ «ትንሽ ዘግይቷል።» ከዚያ በሳቅ ፍርስ አሉ።

አዲሱ ጣቢያ ስደርስ የመጨረሻው ፉርጎ ጭራውን አሳየኝ። ድሬዳዋ የገባሁት ሚኒባስ ውስጥ፣ የሰው ጆንያ ታቅፌ ነው። ማታ ለአባቴ ደወልኩ። ስለ ባቡሩ አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

«ፓስታውን በላኸው?»

«በላሁት።»

«ስንት ከፈልክ?»

ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«አንደኛ ማዕረግ ነው እንዴ የገባኸው?»