ሁለት ባላ፣ አንድ መንገደኛ

ፕሮይንገስሃይም እኖራለሁ ካልኩ ፍራንክፈርትን የሚያውቅ ሐበሻ የሚመልስልኝ አንድ ነገር ነው፦ "ስንት ዓመት ፈረዱብህ?" የወህኒ ቤቱ ሰፈር ነዋ። "ዕድሜ ልክ፤ የቤት ኪራይ ነው" እላለሁ። ኡ5 ባቡር ራሱ እዚህ ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ይመለሳል።

በቅርቡ ለቤተሰቡ ፎቶና ቪዲዮ ማከማቻ ሰርቨር አቆምኩ። ስሙ ናስ ነው። አዲስ አበባ ደውዬ "እማዬ፣ ናስ ገዛሁ" ብላት "ወርቁን ትተህ?" አለችኝ። ሁለት የኔትወርክ ገመድ አጣምሬ ቦንድ ሠራሁለት ስላት ደግሞ "ቦንድማ ለግድቡ ገዝተን የለ! ይሄኛው የየትኛው ወንዝ ነው?" ስልኩን በሰላም ዘጋሁት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማቼ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ ቡና ሊጠጣ መጣ። የልጄን ክርስትና ቪዲዮ፣ 60 ጊጋባይት፣ ወደ ላፕቶፔ እየገለበጥኩ ነበር። በአንድ ጊጋቢት ገመድ በሴኮንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ያልፋል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ደቂቃ። በሁለት ገመድ አራት ተኩል ይሆናል ብዬ ፎክሬበታለሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አላልክም? አንበሳው የታል?"

"ድሩ መች አበረና!"

እውነቴን ነው። የሰርቨሩ ሊኑክስ የቦንዱን ሁኔታ የሚጽፍበትን ፋይል ከፈትኩ። ሁለቱም ገመዶች ተሰክተዋል፤ የማዶው ባልደረባ አድራሻ ግን ከዳር እስከ ዳር ዜሮ በዜሮ ነው። ሰርቨሩ ኤልኤሲፒ በሚባለው ቋንቋ "እንጣመር" እያለ ይጣራል፤ ገመዶቹ የሚሰኩበት ርካሹ ስዊቼ ግን ቋንቋውን አያውቀውም። የሚሠራው አንዱ ገመድ ብቻ ነበር።

"ሰላምታ አይመልስም? ጎረቤትህ ነው በለኛ!"

ቋንቋውን የሚያውቅ ስዊች ገዛሁ። ሁለቱን ቀዳዳዎች በአንድ ቡድን አስገባሁ። ዜሮዎቹ ጠፍተው የስዊቹ አድራሻ ብቅ አለ። ደስ ብሎኝ አማቼን ጠራሁት፤ ቪዲዮው እንደገና ተገለበጠ።

"ስንት ደቂቃ?"

"ዘጠኝ።"

"ስዊቹ ስንት ዩሮ?"

"ቡናህን ጠጣ።"

ጥፋቱ የማንም አልነበረም። 802.3ኤዲ የሚባለው ደንብ በ2000 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የአንድን ወሬ ጥቅሎች ሁሉ በአንድ ገመድ ላይ እንዲያቆይ ሆኖ ነው የተሠራው። አንዱን ጥቅል በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ እያፈራረቁ መላክም ይቻላል፤ ለዚያ የተለየ የቦንድ ዓይነት አለ። ያኔ ግን በረካው ከአቦሉ ቀድሞ ከች ይላል። ተቀባዩም አቦሉ የተደፋ መስሎት "እንደገና ላክ" ይላል፤ ላኪውም ደንግጦ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሁለቱ ገመዶች ሁለት መንገደኛ ጎን ለጎን ያሳልፋሉ እንጂ አንዱን መንገደኛ አያፈጥኑም።

"ሁለት ሱሪ ብደርብ በእጥፍ አልሮጥም ነው የምትለኝ?"

"እሱን ነው።"

"ይህን ሳታውቅ ነው የገዛኸው?"

"አውቅ ነበር። ለእኔ ይራራልኛል ብዬ ነው።"

"ከተማህ ግን የዓለም ኢንተርኔት መስቀለኛ ነው ይባላል" አለ። አልተሳሳተም፤ በ1995 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢንተርኔት መስቀለኛ ዴ-ሲክስ እዚሁ ፍራንክፈርት ነው፤ በሴኮንድ ከ10 ቴራቢት በላይ ያስተናግዳል። እዚያም ገመድ በገመድ ላይ ይጣመራል። እዚያ ግን ስፍር ቁጥር የሌለው መንገደኛ ስላለ ለየገመዱ ይከፋፈላል። እኔ ቤት ያለው አንድ ክርስትና ነው።

"ሁለተኛ ልጅ ውለዱዋ!" አለ ወደ እህቱ እያየ። ከረከቦቱ ጀርባ የመጣው መልስ እዚህ አይጻፍም።

ላሳምነው ብዬ የባለቤቴንም ላፕቶፕ አመጣሁና ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲገለብጡ አደረግሁ። ሃምሳ አምስት፣ ሃምሳ አምስት። ተካፍለው አረፉት! ሰርቨሩ ቅንብሩ ካልተነካ ገመድ የሚመርጠው የመሣሪያዎቹን የማክ አድራሻ መጨረሻ አይቶ ነው፤ ገመዱ ሁለት ሲሆን ነገሩ ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር መለየት ይሆናል። የእኔ ላፕቶፕ በ7 ያልቃል፣ የእሷ በ3። ሁለቱም አንድ ገመድ ላይ ወጡ።

"ባልና ሚስት ሁለታችሁም ጎዶሎ!"

ምርጫውን ወደ አይፒ አድራሻና ወደ ፖርት ቁጥር ቀየርኩት፤ ያኔ ለየብቻቸው 110 አካባቢ ሄዱ። እሱም ቢሆን ዕጣ ነው፤ ሌላ ቀን ተመልሰው አንድ ላይ ሊወጡ ይችላሉ። ደግሞ ይህ ከሰርቨሩ ለሚወጣው ነው፤ ወደ ሰርቨሩ ለሚገባው መራጩ ስዊቹ ነው።

"አንድ ወፍራም ገመድ የለም?"

አለ። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 2.5 ጊጋቢት በዚያው በድሮው ካት 5ኢ ገመድ እንዲሄድ ደንብ ወጥቶለታል፤ ለአንድ ሰው ቤት ከቦንድ ሁሉ እሱ ይሻላል። ይህን ለአማቼ አልነገርኩትም። ይልቅ "የአገርህን ተረት ረሳህ? ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው። በእጥፍ ተንጠልጠል አይልም!" ብዬ ቪዲዮውን ቴሌቪዥኑ ላይ ከፍቼ አንዱን ገመድ ነቀልኩት። ቄሱ ውሃውን አፈሰሱ፣ ልጄ አለቀሰ፣ ምስሉ ንቅንቅ አላለም።

አማቼ ሲኒውን አስቀምጦ ተነሣና ሁለተኛውን ነቀለው። ቄሱ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ሦስተኛ ባላ አልተከልክም?"