የቆርቆሮ ጠላ

ይድረስ ለእትዬ፤

እዚህ ለንደን ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ቢራ በቤታቸው ይጠምቃሉ። ብቅል አያበቅሉ፣ አሻሮ አይቆሉ! 1.7 ኪሎ የምትመዝን ቆርቆሮ ከሱቅ ይገዛሉ። ውስጧ ማር የመሰለ የብቅል ጭማቂ አለ፤ በጌሾ ፈንታ ሆፕስ ገብቶበታል። የእርሾው ከረጢት ክዳኗ ሥር ተሸጉጧል። በሙቅ ውሃ ይበጠብጡና ቀዝቃዛ ጨምረው 23 ሊትር ያደርሱታል። አለቀ። የእርስዎ ጥንስስና ድፍድፍ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ድሮ እንግሊዛዊ በቤቱ ለመጥመቅ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፤ ያንን እ.ኤ.አ. በ1963 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሬጂናልድ ሞድሊንግ አስቀሩት።

ቆርቆሮዋን ማንም ይገዛታል፤ የሚጠጣ ነገር ማውጣቱ ላይ ነው ጉዱ። ብዙው ሰው መመሪያው እንዳዘዘው አንድ ኪሎ ስኳር ይገለብጥባታል። ቢራው ያሰክራል፣ ግን ውሃ ውሃ ይላል። ጎረቤታችን ግን በስኳሩ ቦታ የደረቀ የብቅል ጭማቂ ዱቄት ይጨምራሉ። የቧንቧው ክሎሪን ከብቅሉ ጋር ሲገናኝ የሐኪም ቤት ጠረን ስለሚያመጣ፣ ካምደን የሚሉትን እንክብል ግማሹን ውሃው ውስጥ ያሟሟሉ። ሙቀቱንም ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሲያልፍ እርሾው ይጣደፍና ቢራው ጉሮሮ ይቧጥጣል። በክረምት በርሜሉ ብርድ ልብስ ይለብሳል፤ ባለቤታቸው ደግሞ ብርድ ልብሳቸውን ፍለጋ ቤቱን ያምሳሉ።

እርስዎ ቀምሰው «ደርሷል» ይላሉ። እኚህ ግን ሃይድሮሜትር የሚባል የመስታወት ተንሳፋፊ ከተው ቁጥር ያነባሉ፤ ቁጥሩ ለሁለት ቀን ባለበት ካልረጋ አያሽጉም። ፍላቱን ያልጨረሰ ቢራ ጠርሙስ ያፈነዳል።

ዕቃውን አጥበው ሲያበቁ እንደገና በጀርም ማጥፊያ ያጥቡታል። የእኛ ጋን በወይራ እንደሚታጠን የነገርኳቸው ዕለት የፕላስቲክ በርሜላቸውን ካላጠንን ብለው ያዙኝ! የፕላስቲኩስ መቅለጥ ይቅር፣ የዚህ አገር ጣሪያ ጢስ ሲሸተው ጮሆ ሰፈር ያስነሳል።

አሁን ደግሞ ልባቸው ጌሾ ላይ ነው። መንገደኛ ካገኙ ቅጠሉን ይላኩልን። ለ23 ሊትር ስንት እንደሚበቃም ይጻፉልኝ፤ «ዓይንህ ያየውን ያህል» እንዳይሉኝ ብቻ፣ ሰውየው የሚመዝኑት በግራም ነው።