ፈረንጁስ ከየት አመጣው?

«ካፋ የተጻፈ ታሪክ የለውም» ይሉናል፣ ደፍረው። አለው እንጂ! ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ስለ ካፋ ሁለት ዳጎስ ያሉ ቅጾች አሳትሟል፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1920፣ ሁለተኛው በ1923 ወጣ። አቶ በቀለ ወልደማርያምም የካፋን ታሪክ በአማርኛ ጽፈዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝኛ ታትሟል። መጀመሪያ ይነበብና ከዚያ እንከራከር።

«የቢበሩማ የፈረንጅ ሥራ ነው!»

ፈረንጁስ ከየት አመጣው? ቢበር ካፋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተማረኩ ገና ስምንት ዓመታቸው ነበር። የቤተ መንግሥቱን ወግ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሕይወት ነበሩ፤ የሹመቱን ስም፣ የነገሥታቱን ተራ ከእነሱ አፍ ሰማ። ሽፋኑ የቢበር ይሁን፤ ዕውቀቱ የካፋ ሽማግሌዎች ነው።

«የአፍ ታሪክ ዓመተ ምሕረት የለው፣ ምኑ ይታመናል?»

የመንግሥቱ መነሻ እየተባለ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. 1390 ግምት ነው፤ አንክድም። ሽማግሌዎቹ የነገሥታቱን ስም በተራ ያዙ፤ ዓመቱን ወደ ኋላ እየቆጠሩ የለጠፉት ጸሐፊዎች ናቸው። ታዲያ ጸሐፊው ለገመተው ሽማግሌው ለምን ይከሰሳል?

«የሚያውቁት የሹማምንት ዘሮች ናቸው። ሌላ ማን ይጠየቃል?»

በካፋ ተንቆ የኖረው ማኅበረሰብ፣ ማንጆው ይጠየቃላ! ካፋ ድንበሩን በጥልቅ ቦይ አጥሮ፣ መግቢያ መውጫውን በበር ይዞ የኖረ አገር ነው። በሮቹን ከጠበቁት መካከል ማንጆዎች ነበሩ። የሚገባውን ነጋዴ፣ የሚመጣውን ጦር ቀድሞ የሚያይ በረኛው ነው፤ ዙፋኑ አጠገብ የተቀመጠው በወሬ ነው የሚደርሰው። ያም ሆኖ ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ይዞ የሚመጣው ተመራማሪ እግሩ የሚቀናው ወደ ትልልቆቹ ጎሳዎች ደጅ ነው። ማንጆን ከማዕድ ያራቀው ንቀት ከመጽሐፍም እንዲያርቀው መፍቀድ ነውር ነው፤ ታሪኩንም ጎዶሎ ያደርገዋል።

«እሺ፣ ተጠየቁ እንበል። በሚጻፈው መጽሐፍ መቅድም ላይ የተናጋሪ ስም መደርደር ግን አንባቢ ያሰለቻል።»

ይደርደር! ማን ተናገረ፣ በየትኛው ቀበሌ፣ በካፊኖኖ ነው ወይስ በአማርኛ፣ ያስተረጎመውስ ማን ነው? ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙ ይግባ። የአያቱን ስም ፍለጋ መጽሐፉን የሚገልጥ የልጅ ልጅ ቦንጋ ውስጥ አለ፤ እሱ አይሰለችም።